የጠዋት መተሳሰር ምንድን ነው?

ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው የመገጣጠሚያ በሽታ ያለበት ሰው ስለ ሕመሙ ሲያወራ ጠዋትን ሳያነሳ አያልፍም። ሲነቃ ጣቱ አይታጠፍም፣ የእጅ አንጓው አይዞርም፣ እግሩ መሬት ሲነካ ጠጠር የረገጠ ይመስለዋል። የጠዋት መተሳሰር የሚባለው ይህ ነው።

ያረጀ ጉልበትም ጠዋት ይይዛል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይለቃል። የሩማቶይዱ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። የሚያፍታታው እንቅስቃሴ ነው፤ ረጅም እረፍት ያባብሰዋል።

ምክንያቱ የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ ማጥቃቱ ነው። የመገጣጠሚያው ውስጠኛ ሽፋን ያብጣል፣ ፈሳሽ ይቋጥራል። እንደ ኢንተርሊውኪን-6 ያሉ ብግነቱን የሚያባብሱ ኬሚካሎች ደግሞ ሌሊት ጨምረው ወደ ንጋት ላይ ይበረታሉ። «ብርድ ነው» የሚለው ወሬ ሐረር ላይ ሊያስኬድ ይችላል፤ ድሬ ላይ ግን፣ አቦ፣ ቬንትሌተር ከፍተን በምናድርበት ከተማ የምን ብርድ?

ከባዱ የሰው አለማመን ነው። ድሬ ላይ ገበያውም፣ ልብስ አጠባውም፣ እንጀራውም ፀሐይ ሳትበረታ ማለቅ አለበት። ልክ በዚያ ሰዓት ጀበና ማንሳት፣ የጄሪካን ክዳን መክፈት፣ የልጇን ዩኒፎርም መቆለፍ ያቃታት ሴት (በሽታው ሴቶች ላይ ከወንዶች ሁለት ሦስት እጥፍ ይበዛል) አሥር ሰዓት ላይ ከጎረቤት ጋር ቡና ስትጠጣ ደህና ትመስላለች። «አንቺ፣ ሥራ ሲኖር ብቻ ነው እንዴ የሚያምሽ?» ይሏታል። ኧረ እሷ ሰዓቱን አልመረጠችም!

ጠዋት እጅን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሮ ጣትን ቀስ እያደረጉ ማጠፍ መዘርጋት ያግዛል። በሽታውን ግን አያቆመውም። ሐኪም ጋ ስትሄዱ «እጄን ያመኛል» ብቻ አትበሉ፤ ስንት ሰዓት እንደነቃችሁና ስንት ሰዓት ላይ እጃችሁን መጨበጥ እንደቻላችሁ ንገሩት። 12 ሰዓት ነቅታችሁ እስከ 1 ሰዓት ካልተፍታታ፣ የሁለቱም እጅ ጣቶች ካበጡና ነገሩ ሳምንታት ካስቆጠረ፣ ከፋርማሲ ማስታገሻ እየገዙ መክረም አያዋጣም። የተበላ መገጣጠሚያ አይመለስም።

ሜቶትሬክሴት የሚባለው መድኃኒት የታዘዘላችሁ ደግሞ፣ ለዚህ በሽታ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ነው። በስህተት በየቀኑ መዋጥ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ቀኑን እዚያው ከሐኪሙ ጋር ምረጡና ማሸጊያው ላይ አስጽፉት።