የተለጠፈ ዋጋ እና ትርጉሙ፦ ስለ ዋጋ የማሳወቅ ግዴታ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ ሰው ሱቅ ገብቶ «ይኼ ስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ባለሱቁ መልስ ከመስጠቱ በፊት የጠያቂውን ልብስ፣ አነጋገርና ሁኔታ በዓይኑ የሚመዝን ከሆነ፣ ዋጋው የዕቃው መሆኑ ቀርቶ የገዢው ይሆናል። ለአንዱ በአንድ ዋጋ የተሸጠው ዕቃ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ለሌላው ከፍ ባለ ዋጋ ይሸጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ አብልጠው የሚከፍሉትም ገበያውን የማያውቁት ናቸው፤ ከገጠር የመጡ እንግዶች፣ አረጋውያን፣ መከራከር የሚያሳፍራቸው ሰዎች። በኢትዮጵያ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ ዝርዝር በንግድ ቤቱ ውስጥ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ወይም ዋጋውን በዕቃው ላይ እንዲያመለክት ያስገድዳል። ግዴታው አዲስ አይደለም፤ በዚህ አዋጅ የተተካው አዋጅ ቁጥር 685/2002ም ይዞት ነበር። ይሁንና ስለዚህ ግዴታ በነጋዴውም በሸማቹም ዘንድ የሚነገረው ነገር ብዙውን ጊዜ ሕጉ ካለው የራቀ ነው።

«ዋጋ መለጠፍ የሱፐርማርኬት ሥራ ነው»

አዋጁ ግዴታውን የጣለው በንግድ ሥራ ላይ በተሰማራ ሰው ሁሉ ላይ እንጂ በሱቁ ስፋት ወይም በመደርደሪያው ውበት ላይ ተመሥርቶ አይደለም። የሰፈር ሸቀጣ ሸቀጥ መደብር፣ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ፣ ልብስ ቤትና ጫማ ቤት ሁሉም በዚሁ ይገዛሉ። «የዕቃዎችና የአገልግሎቶች» የሚለው ቃልም ትኩረት ይፈልጋል፤ ፀጉር አስተካካዩ፣ ጋራዡ፣ ልብስ ሰፊው፣ ምግብ ቤቱም ዋጋቸውን ማሳወቅ አለባቸው ማለት ነውና። አገልግሎት የሚገዛ ሰው ከዕቃ ገዢው ይልቅ ዋጋን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልገዋል ብዬ አምናለሁ፤ ያልተስማማው ዕቃ በመደርደሪያው ላይ ይቀራል፣ የተቆረጠ ፀጉር ወይም የተፈታ ሞተር ግን ወደ ነበረበት አይመለስም።

ሕጉ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ወረቀት እንዲለጠፍ አላዘዘም። ሺህ ዓይነት ብሎንና ምስማር የሚሸጥ ነጋዴ አንድ ግልጽ የዋጋ ዝርዝር በሚታይ ቦታ ቢሰቅል ግዴታውን ይወጣል። ዝርዝሩ ከካሽ ሬጅስተር ማሽኑ ጀርባ በደቃቅ ጽሑፍ ከተሰቀለና ሸማቹ ሊያነበው ካልቻለ ግን «በግልጽ በሚታይ ቦታ» የሚለውን አያሟላም።

«ዋጋ ለጥፍ ማለት መንግሥት ዋጋ ተመነብኝ ማለት ነው»

ይህ በነጋዴዎች ዘንድ ሥር የሰደደ ስጋት ነው፤ መነሻ የለውም ማለትም አይቻልም። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት ስኳርን፣ የምግብ ዘይትን፣ ሥጋንና ዳቦን ጨምሮ በበርካታ መሠረታዊ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አውጥቶ ነበር፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ለአብዛኞቹ ሸቀጦች ጣሪያው ተነሣ። ያንን ጊዜ የሚያስታውስ ባለሱቅ የዋጋ ዝርዝር እንዲለጥፍ ሲታዘዝ ተቆጣጣሪው ቀጥሎ «ለምን ይህን ያህል አልክ?» ብሎ የሚመጣ ይመስለዋል። ከዚያ ወዲህም ቢሆን የዋጋ ንረት በበረታ ቁጥር «ያልተገባ ዋጋ ጨምረዋል» የተባሉ ሱቆች ሲታሸጉ ታይቷል፤ ይህም ስጋቱን አጠናክሮታል።

ሁለቱ ግን በሕጉ ውስጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በዋጋ ቁጥጥር ሥር የሚሆኑ መሠረታዊ ዕቃዎችና አገልግሎቶች ተጠንተው የሚቀርቡት ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፤ ምክር ቤቱ ሲወስንም ውሳኔው ለሕዝብ ይገለጻል። የነዳጅን ዋጋ መንግሥት እንደሚወስነው ሁሉም ያውቃል። ከእንዲህ ዓይነቱ ቁጥጥር ውጭ የሆነውን ዕቃ ዋጋ የሚወስነው ራሱ ነጋዴው ነው፤ የመለጠፍ ግዴታው የሚጠይቀው የወሰነውን ዋጋ እንዲያሳውቅ ብቻ ነው። በግልጽ የተለጠፈ ከፍተኛ ዋጋ፣ በመለጠፉ ብቻ፣ የዋጋ ማሳወቅ ግዴታን መጣስ አይሆንም። ያልተለጠፈ ዝቅተኛ ዋጋ ግን ጥሰት ነው። ሸማቾችም በተራቸው ይህን ልዩነት ቢረዱት መልካም ነው፤ ዋጋው ውድ ስለሆነ ብቻ «ሕገወጥ ነው» የሚለው አቤቱታ ከዚህ ድንጋጌ ድጋፍ አያገኝም።

«ዋጋ ከተለጠፈ መከራከር ቀረ»

ይህን የሚሉት ነጋዴዎችም ሸማቾችም ናቸው። መርካቶ ውስጥ ጨርቅ ወይም ጫማ የሚሸጥ ሰው «እኔ የምኖረው በክርክር ነው፤ ዋጋ ከለጠፍሁ ደንበኛ ምን ብዬ አናግራለሁ?» ይላል። ሸማቹ በበኩሉ «ትንሽ አስተያየት ያድርጉልኝ» ማለት እንደ ነውር የሚቆጠርበት ጊዜ የመጣ መስሎት ያዝናል።

ሕጉ የከለከለው ከተለጠፈው ዋጋ በላይ መሸጥን ነው። ከዚያ በታች መሸጥን ማንም አልከለከለም። በአንድ ሸሚዝ ላይ 1,500 ብር ከተጻፈ ገዢው ተከራክሮ በ1,300 ብር ሊወስደው ይችላል፤ ያልተከራከረው ደግሞ በ1,500 ይወስደዋል፤ «ይህ ሰው ይከፍላል» ተብሎ 1,700 ሊጠየቅ ግን አይችልም። የተለጠፈው ዋጋ ለክርክሩ የላይኛውን ድንበር ያበጅለታል፤ መከራከር የማይችለውም ሰው ቢሆን ከድንበሩ በላይ አይከፍልም። ክርክር በአገራችን ገበያ ሰላምታም፣ ጨዋታም፣ ደንበኛ ማፍሪያም ነው፤ እኔም እንዲጠፋ አልመኝም። የምመኘው መከራከር የማያውቀው ሰው የሚከፍለው ቅጣት እንዲጠፋ ነው።

እንዲያውም አዋጁ ክርክርን በስሙ ጠርቶ ጠብቆታል። ሸማች የዕቃውን ጥራት ወይም አማራጮችን ስለተመለከተ ወይም በዋጋ ስለተደራደረ ብቻ እንዲገዛ አይገደድም። ጨርቁን አገላብጦ፣ ዋጋ ጠርቶ፣ ከዚያ «አልተስማማኝም» ብሎ የሚወጣ ሰው መብቱን ተጠቀመ እንጂ ነጋዴውን አልበደለም። በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብና ከዛቻ የመጠበቅ መብትም በዚሁ አዋጅ ተጽፏል። «ካልገዛህ ለምን አወረድከኝ?» እየተባለ ከበር ላይ የተሰደበ ሰው ይህን ቢያውቅ ቢያንስ አንገቱን ደፍቶ አይወጣም።

«የተጻፈው ዋጋ ቫትን አይጨምርም»

በዚህ ርዕስ ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ የብዙ ሰው ገንዘብ ያለ አግባብ የሚወጣው እዚህ ላይ ስለሆነ። በምግብ ዝርዝሩ ላይ 400 ብር የተጻፈበትን ምሳ የበላ ሰው ሒሳቡ ሲመጣ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ተጨምሮ 440፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ (ቫት) ተጨምሮ 506 ብር ሆኖ ያገኘዋል። ከተጻፈው ዋጋ ከሩብ በላይ ጨመረ ማለት ነው። በልብስና በኤሌክትሮኒክስ መደብርም «ሲደመር ቫት» የሚለው ቃል የሚሰማው ዕቃው ከተመረጠ በኋላ ነው።

የዋጋ መለጠፍ ግዴታንና ከተለጠፈው በላይ መሸጥን የሚከለክለውን ድንጋጌ አንድ ላይ ላነበበ ሰው፣ ታክሱ በመጨረሻ ላይ እንደ ድንገተኛ ነገር የሚጨመርበት ቀዳዳ አይታየውም። ሸማቹ በሚታይ ቦታ እንዲያውቀው የተፈለገው ከኪሱ የሚወጣውን ገንዘብ ነው፤ ያንን የማይነግረው ወረቀት ዋጋ አሳወቀ ሊባል አይችልም። በመሆኑም በአግባቡ የሚሠራ ነጋዴ ከታክስ በፊት 1,000 ብር ለሚያወጣ ዕቃ 1,150 ብር ብሎ ይለጥፋል፤ በደረሰኙም ላይ 150 ብሩ ታክስ መሆኑ ተለይቶ ይታያል።

ከዚሁ ጋር ተያይዞ የሚነገር ሌላ ስሕተት አለ፦ «ደረሰኝ ካልፈለግህ ቫቱ ይቀርልሃል»። ታክሱ የሚመጣው ከሽያጩ እንጂ ከደረሰኙ አይደለም። ለታክሱ የተመዘገበ ነጋዴ ደረሰኝ ቆረጠም አልቆረጠም የሸጠበትን ታክስ ለመንግሥት የማስገባት ዕዳ አለበት፤ ያለ ደረሰኝ የሚሰጠው «ቅናሽ» ይህ ዕዳ እንዲደበቅ ሸማቹ የሚተባበርበት ዋጋ ነው። ላልተመዘገበ ነጋዴ ደግሞ ከነጭራሹ ቫት ብሎ መሰብሰብ አይፈቀድለትም። ደረሰኝ መስጠትም የታክስ ሕግ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ ራሱ ነጋዴው ለሸጠው ዕቃ ወይም ለሰጠው አገልግሎት ወዲያውኑ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያዝዛል፤ ያለ ደረሰኝ ሸማቹ ስንት እንደከፈለ የሚያስረዳበት ነገር የለውምና።

«ዋጋው ዛሬ ጠዋት ጨምሯል፤ የተለጠፈው የድሮው ነው»

የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ይህን መልስ ያልሰማ ሸማች ያለ አይመስለኝም። ነጋዴው አዲሱን ዕቃ የሚያመጣው በአዲስ ዋጋ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ችግሩም የእሱ ፈጠራ አይደለም። ዋጋውን የመለወጥ መብትም አለው። ቅደም ተከተሉ ግን ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ ወረቀቱ ይለወጣል፣ ከዚያ በአዲሱ ዋጋ ይሸጣል። አሮጌው ወረቀት ተለጥፎ እያለ በአዲሱ ዋጋ ማስከፈል ከተለጠፈ ዋጋ በላይ መሸጥ ነው።

እዚህ ላይ ሕግ የተማሩ ሰዎች የሚያነሡት አንድ ክርክር አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1687 የዋጋ ዝርዝርን በአደባባይ መለጠፍ ወይም ዕቃን ለሽያጭ በይፋ ማሳየት በራሱ የውል አቅርቦት ተደርጎ እንደማይቆጠር ይናገራል። ስለዚህ «ሸማቹ እሺ ስላለ ብቻ ውል አልተቋቋመም፤ ነጋዴው በተለጠፈው ዋጋ አይገደድም» ይባላል። በውል ሕግ ዓይን ክርክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ የሚጠይቀው ውል መቋቋሙን አይደለም፤ ነጋዴው በለጠፈው ዋጋና በጠየቀው ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት ነው የሚመለከተው። አንዱ ሕግ «ውል የለም» ስላለ ሌላው የከለከለው ድርጊት የተፈቀደ አይሆንም።

«ቅናሽ ብሎ መጻፍ የነጋዴው ፈንታ ነው»

የዋጋ ቅናሽን በትክክል አለመግለጽ በአዋጁ ከተከለከሉ አሳሳች ድርጊቶች መካከል ነው። በ2,000 ብር ተሽጦ የማያውቅ ጫማ ላይ 2,000 ጽፎና ሰርዞ 1,400 ማለት ቅናሽ አይደለም።

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ተብሎ ተለጥፏል፤ አበቃ»

ይህ ማስታወቂያ አንዳንዴ የዋጋ ዝርዝሩ መሰቀል በነበረበት ቦታ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል፤ ከዋጋ ዝርዝሩ ይልቅም በትልልቅ ፊደል ይጻፋል። የተስማማውን ዕቃ ገዝቶ ቤቱ ሲደርስ ቀለሙን የጠላ ሰው በዚህ ማስታወቂያ ቢመለስ ሕጉ አይደርስለትም። ጉድለት ያለበት ዕቃ ከሆነ ግን፣ ለሸማቹ የተሻለ ዋስትና እስከሌለ ድረስ፣ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት በ15 ቀናት ውስጥ መጠየቅ ይችላል። ሸማቹን ይህን መሰል መብት የሚያሳጣ የውል ቃልም ውጤት የለውም፤ በግድግዳ ላይ ስለተጻፈ ሕግን አይሽርም።

«አቤት ብል የሚሰማኝ የለም»

ይህ አመለካከት ከድካም የመጣ ስለሆነ አልነቅፈውም። ጉዳዩን ይከታተል የነበረው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን በ2014 ዓ.ም. በአስፈጻሚ አካላት አደረጃጀት አዋጅ ቁጥር 1263/2014 ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር መዛወሩም ብዙዎች የት እንደሚሄዱ እንዲጠፋቸው አድርጓል። ለዕለት ተዕለት የዋጋ ጉዳይ ግን የሚቀርበው በር ሱቁ በሚገኝበት ወረዳ ያለው የንግድ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ከዚያ በላይ የክፍለ ከተማው እና የከተማው ንግድ ቢሮ ይገኛል።

ወደዚያ የሚሄድ ሰው በቃል ብቻ ቢናገር ጉዳዩ «እሱ እንዲህ አለ፣ እኔ እንዲህ አልሁ» ሆኖ ይቀራል። የተለጠፈውን ዋጋ በስልክ ፎቶ አንሥቶ፣ የተከፈለበትን ደረሰኝ ይዞ፣ የንግድ ቤቱን ስምና ቀኑን ጽፎ የሄደ ሰው ግን በሁለት ወረቀቶች መካከል ያለውን የብር ልዩነት ያሳያል። ዋጋ ካልተለጠፈ ደግሞ ባዶው ግድግዳ ራሱ ፎቶ ይነሣል፤ ጥሰቱ አለመለጠፉ ነውና።