«አታስቢ» አትበሏት፦ ስለ ካንሰር፣ ጭንቀትና ቀልብ መሰብሰብ የሚወሩ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ የካንሰር ታማሚ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ሁለት ነገር ይዞ ይገባል። አንዱ ብርቱካን ነው። ሌላው «አታስቢ» የምትል ምክር ናት። ብርቱካኑን ልጆቹ ይበሉታል። ምክሯ ግን ከታማሚዋ ጋር ታድራለች።

የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት ከሚወስዱ ሰዎች ጋር በቡድን እየተቀመጥን ማይንድፉልነስ እንለማመዳለን። ቀልብን ሰብስቦ አሁን ባለንበት ላይ ማዋል ነው፤ ትንፋሽን፣ ሰውነትን፣ የሚመጣ የሚሄደውን ሐሳብ «ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው» ሳይሉ ማየት። በዚህ ነገር ላይ የማይባል የለም። የሰለቸኝን ልናገር።

«ጭንቅላትን ባዶ ማድረግ ነው፤ እንዳታስብ ይረዳታል»

ያንገሸገሸችኝ ይቺ ናት። ቤተሰብ ታማሚዋን ይዞ ይመጣና «ሲስተር፣ እባክሽ እንዳታስብ አድርጊልን» ይለኛል። አላደርግም። አልችልምም። ጡቷ ላይ እጢ የተገኘባት፣ ለጨረር ሕክምና 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛ አዲስ አበባ ወረፋ የምትጠብቅ፣ ልጆቿን ጎረቤት ትታ የመጣች ሴት ካላሰበች ማን ያስብ?

«አታስቢ» የሚላት ሰው ሥራ ነው የሚጨምርባት። በሽታው አንድ። ፍርሃቱ ሁለት። ፍርሃቱን ዋጥ አድርጎ በፈገግታ እንግዳ መሸኘት ደግሞ ሦስት። ማታ ሁሉም ሲተኛ የዋጠችው ሁሉ ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ «እንቅልፍ አጣች» ተብላ እኔ ጋ ትመጣለች።

እኛ የምናደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ቁጭ ብላ ትንፋሿን ትከታተላለች። ብዙም ሳይቆይ ሐሳቧ ወደ ምርመራ ውጤቱ፣ ወደ ትምህርት ቤት ክፍያው፣ ወደሚረግፈው ፀጉሯ ይሄዳል። ይሂድ። ቀልብ ጥጃ ነው፤ መፈትለኩ አይቀርም። መሄዱን አይታ ቀስ ብላ ትመልሰዋለች። ደግሞ ይሄዳል፤ ደግሞ ትመልሰዋለች። ልምምዱ ይኸው ነው። «ሐሳቤ አልቆም አለኝ፣ ወደቅኩ» የምትለኝ ሴት ሳታውቀው በደንብ እየሠራች ነው።

ከሐይቅ አካባቢ የምትመጣ አንዲት እናት ነበረች። መድኃኒቱ ገና ሳይሰጣት ያስመልሳት ነበር። ክንዷን በአልኮል ጥጥ ሲጠርጓት ሽታው በቂ ነው። አስታማሚዋ «ታካብዳለች» አለችኝ። አላካበደችም። ሰውነቷ ሽታውንና ኬሞውን አንድ ላይ ተምሯቸዋል፤ በሕክምናው የታወቀ ነገር ነው። ሐኪሟ የማስመለስ መከላከያ መድኃኒት አዘዘላት። እኔ የጨመርኩት ትንሽ ነው፦ ጥጡ ሲመጣ ሁለት እግሯን መሬት አስነክታ፣ ትንፋሿን ረዘም አድርጋ እያስወጣች፣ የሚሰማትን በስሙ መጥራት። «አፌ ምራቅ ሞላ። ሆዴ ተነሳ። ልቤ እየመታ ነው።» ማቅለሽለሹ ድራሹ አልጠፋም። «አሁንም አልወደውም፤ ግን እንደ ድሮው ከበሩ ጀምሮ አያመኝም» አለችኝ። ለኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጠያቂዎች ምን እንበል ትላላችሁ። «አብሽሪ» በሉ፤ ወሎ ያለ አብሽር አይሆንም። ግን አብሽሪ ካላችሁ በኋላ ትንሽ ዝም በሉ። አቦሉ እስኪወርድ ጠብቁ። ልታወራ ከፈለገች ታወራለች። ካለቀሰች ታልቅስ፤ ወሬ ቀይሩ ብሎ ያዘዛችሁ የለም። እባካችሁ ደግሞ በዚሁ በሽታ የሞተችውን የአክስታችሁን ታሪክ እዚያ አታውሩ።

«ካንሰሩን ያመጣው ብስጭቷ ነው፤ ከተረጋጋች ይጠፋል»

ሁለት ስህተት በአንድ አፍ። ብስጭት ካንሰር ያመጣል የሚያሰኝ ጠንካራ ማስረጃ የለም። ባሏ የሞተባትን ሴት «ሐዘን አብዝተሽ ነው የያዘሽ» ሲሏት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። መታመሟ አንሶ ጥፋተኛ ይደረጋል እንዴ?

ቀልብ መሰብሰብም እጢ አያሟሽሽም። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ግምገማ የጡት ካንሰር ባለባቸው ሴቶች ላይ የተሠሩ 14 ጥናቶችን አገላብጧል። ፕሮግራሙን ሲጨርሱ ጭንቀትና ድብርት ቀነስ፣ እንቅልፍም ትንሽ ሻል ይላል። እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ሲታይ ግን ልዩነቱ እምብዛም ነው። ዕድሜ ያስረዝማል የሚል ነገር የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር ከሌላ ማኅበር ጋር ሆኖ ባወጣው መመሪያም የተመከረው ለጭንቀትና ለድብርት ነው፤ በሕክምና ላይ ላሉትም፣ ለጨረሱትም። ስለዚህ «ኬሞውን ትቼ በትንፋሽ ልሞክረው» የሚለኝን ሰው በቁጣ ነው የምመልሰው። ጠበሉንም ዱዓውንም ያዙ። ቀጠሮውንም ያዙ።

«የሌላ ሃይማኖት ነው»

ሥሩ ከቡድሂስቶች ተመስጦ ነው፤ የሚደበቅ አይደለም። ጆን ካባት-ዚን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ወደ ስምንት ሳምንት ሥልጠና ለወጠው። በኋላ ካናዳ ውስጥ ካልጋሪ ላይ ሊንዳ ካርልሰንና ማይክል ስፔካ ለካንሰር ታማሚዎች አመቻቹት። የሚመለክ ነገር የለውም፣ የሚደገም ቃልም የለውም። በኔ ቡድን ነጠላ የለበሰችውና ሒጃብ ያደረገችው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሲያበቃ አንዷ ዙህር ትሰግዳለች፣ ሌላዋ ኪዳነ ምሕረት ደርሳ ትሄዳለች። ወሎ ላይ ይህን ማስረዳቴ ራሱ ይገርመኛል።

ትንንሾቹን ቶሎ ልጨርስ። «እግር አጣጥፎ መቀመጥ ግድ ነው»፦ አይደለም፤ ወገቧን የሚያማት ጋደም ትበል። «ጸጥታ ያስፈልጋል»፦ ኮምቦልቻ አስፋልት ዳር የምትኖር ሴት ጸጥታ ከየት ታምጣ? የባጃጁንም ጩኸት እየሰማች ትሥራ። «አንድ ቀን ሞከርኩት፣ አልሠራም»፦ ስምንት ሳምንት ነው አልኩ እኮ።

«ምን ይጎዳል፣ ሁሉም ይሞክረው»

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ብዙ ያየ ሰው እዚህ አለ። ዓይን ጨፍኖ ዝም ማለት ያንን ሊመልስበት ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ዓይኑን ገልጦ ወለሉን ይይ፣ የእግሩን መዳፍ ያዳምጥ፣ ከከበደው ያቁም። አሠልጣኙ ይህን ካላወቀ ሌላ ፈልጉ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ መተኛትና መብላት ያቃታት፣ ወይም «ብሞት ይሻለኛል» የምትል ታማሚ ደግሞ ከትንፋሽ ልምምድ በላይ ያስፈልጋታል። «ብሞት» ያለች ዕለት ብቻዋን አትተዋት፣ ወደ አእምሮ ሕክምና አምጧት። ኬሞ ላይ ያለች ሴት ካንቀጠቀጣት «ጭንቀት ነው» ብላችሁ አትለፉት። ሙቀቷን ለኩ። 38 ከደረሰ በነጭ የደም ሴሏ ማነስ የመጣ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ውሰዷት።