ሻትሩንጃያ፦ በጨርቅ ላይ የሚወጣ ተራራ

በምዕራብ ሕንድ በጉጃራት ግዛት፣ ከፓሊታና ከተማ አጠገብ ሻትሩንጃያ የሚባል ተራራ አለ። ስሙ ጠላትን ድል የሚነሳ እንደማለት ነው። ጠላት የተባሉት ቁጣ፣ ስስት፣ ትዕቢትና የመሳሰሉት ናቸው። ጃይን ለሚባለው ጥንታዊ የሕንድ እምነት ተከታዮች፣ በተለይ ሽቬታምባራ ለሚባለው ወገን፣ ከዚህ የከበረ ቦታ ማግኘት ይከብዳል።

አናቱ ላይ ትንንሾቹን ጨምሮ ከ800 በላይ ቤተ መቅደሶች ታጭቀዋል። እዚያ ለመድረስ ከ3,000 በላይ የድንጋይ ደረጃ መውጣት አለ። ብዙዎች ገና ጎህ ሳይቀድ በባዶ እግራቸው ይጀምሩታል። አቅም ያነሰው ዶሊ በሚባል ወንበር ሰው ተሸክሞት ይወጣል። 99 ጊዜ ወጥተው ስእለታቸውን የሚፈጽሙም አሉ! ተራራው ላይ ምግብ አይበላም። ሲመሽ ካህናቱም ሳይቀሩ ይወርዳሉ፤ ማንም እዚያ አያድርም።

ዋናው መቅደስ የአዲናት ነው፤ ከ24ቱ ታላላቅ መምህራን የመጀመሪያው እሱ ነው። ቦታው በ14ኛው ክፍለ ዘመን በጦር ፈርሶ እንደገና ተሠርቷል። ዛሬ ከሚታየው አብዛኛው ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ የተገነባ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሞቲሻህ የተባለ የቦምቤይ ነጋዴ ለሚያሠራው መቅደስ ቦታ ሲያጣ ገደሉን አስሞልቶ ሠርቷል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን በጨርቅ ላይ የሚሣለው የተራራው ሥዕል ነው። ዝናብ ሲገባ መሬቱ በነፍሳት ይሞላል። ጃይኖች ደግሞ ጉንዳን እንኳ መርገጥ አይፈልጉም። ስለዚህ ለአራት ወር ጉዞው ይቆማል። በሕንድ አቆጣጠር ካርቲክ በሚባለው ወር ጨረቃ ሙሉ ስትሆን መንገዱ ይከፈታል። መሄድ ያልቻለ ሰው ያን ቀን በየከተማው ፓታ የሚባል ትልቅ ሥዕል ፊት ቆሞ ይሰግዳል። ተራራው እንዳለ ጨርቅ ላይ ተሥሏል።

ሠዓሊዎቹ ከአንድ ቦታ ሆነው እንደሚያዩ አይሥሉም። ተራራውን ከላይ ቁልቁል፣ መቅደሱን ግን ፊት ለፊት ያሳዩታል። አዲናት ከመቅደሱ ጋር ሲታይ ከልኩ በላይ ጎልቶ ይሣላል፤ ለምእመኑ ዋናው ነገር ከእሱ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት ነውና። ፎቶግራፍ ተራራውን ያሳያል፤ ፓታው ግን ያስወጣል። ሰውየው ሥዕሉ ፊት ቆሞ ከታች፣ ከተራራው ግርጌ ይነሳል። በዓይኑ ጠመዝማዛውን መንገድ ይይዛል፣ በየመታጠፊያው ትንንሽ ተጓዦችን ያልፋል፣ ከአናቱም ሲደርስ እጆቹን ያጋጥማል።