ከበዓል የተረፈ ብቅል በድሬዳዋና በሐረር

ለቁልቢ ገብርኤል ወይም ለጥምቀት ጠላ የጠመቀ ቤት በዓሉ ካለፈ በኋላ አንድ ጥግ ላይ የተቋጠረ ብቅል አያጣም። የድሬዳዋው ከዚራ ሰፈርም ይሁን ሐረር ያው ነው። አተላው ለከብት ይሄዳል፣ ቅራሪው ይጠጣል፣ ብቅሉ ግን ይረሳል። ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ብዙ የተደከመበት ነገር ነው።

መጀመሪያ የተረፈው የትኛው እንደሆነ ይለይ። ተነክሮ፣ በቅሎ፣ ፀሐይ ላይ የደረቀው ብቅል ሥራውን የሚሠራው እሱ ነው፤ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚቀይሩት ኢንዛይሞች ውስጡ አሉ፣ እርሾው ደግሞ ያንን ስኳር ነው ወደ አልኮል የሚለውጠው። ለዚህም ነው አሻሮው እስኪጠቁር ቢቆላ፣ ቂጣው ቢያርም፣ ብቅሉ ሳይቆላ ድፍድፉ ውስጥ የሚገባው። አጥብቆ የተቆላ ብቅል ቀለምና መዓዛ ይሰጣል፣ ኢንዛይሙ ግን በሙቀቱ አልቋል። ብቻውን ቢጠነሰስ ጠላ አይወጣውም።

ቢራ ላይም ሕጉ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የተቋቋመውና በ2011 ሄኒከን የገዛው የሐረር ቢራ ፋብሪካ ያወጣውን ጥቁር ቢራ፣ ሐኪም ስታውትን፣ የቀመሰ ሰው ያውቀዋል፤ የስታውት ጥቁረት የሚመጣው ከተቆላ እህል ነው። ቤት ውስጥ ቢራ የሚጠምቅ ሰው ለ20 ሊትር 5 ኪሎ ያህል ብቅል ቢጠቀም፣ ከዚያ ውስጥ ጥቁሩ ሩብ ኪሎ ገደማ ቢሆን በቂ ነው፣ ቀይና ጣፋጭ የሆነው ካራሜል ብቅል ደግሞ እስከ ግማሽ ኪሎ። የቀረው ሁሉ ነጩ፣ ያልተቆላው ብቅል ይሁን። "ስለተረፈ ሁሉንም ልጨምረው" ማለት ቢራውን አመድ አመድ ያሰኘዋል፣ በእኔ እምነት እህል ከማባከን አይሻልም።

አቀማመጡ ላይ ድሬዳዋ ከሐረር ይከብዳል። ሙቀት ነቀዝ ያፈላል፣ የተፈጨ ብቅል ደግሞ ቶሎ ይሻግታል፤ ስለዚህ የሚቀመጠው ሳይፈጭ፣ በደንብ ደርቆ፣ ክዳኑ ገጥሞ በሚዘጋ ዕቃ ነው። መሞከሪያው ጥርስ ነው። አንድ ፍሬ ሲነከስ ቀጭ ካለ ደህና ነው፣ ከለሰለሰ ግን እርጥበት ገብቶታልና ሳይውል ሳያድር ፀሐይ ይምታው። የሻገተው ለጠላም ለከብትም አይሆንም፣ ይጣል።

ደህናው ብቅል ለሚቀጥለው ጥንስስ ይገባል፤ ከአዲሱ ጋር ተደባልቆ ቢፈጭ ይመረጣል። የተረፈው የተቆላ ገብስ ከሆነ ቀሪቦ ይውጣው። ይፈላል፣ ይጠለላል፣ ሲቀዘቅዝ ስኳርና ጥቂት እርሾ ይገባበታል። እርሾው የሚበላው ስኳሩን ስለሆነ እዚህ ላይ ብቅል አያስፈልግም፣ ብዙ ሳይቆይ ከተጠጣ ደግሞ ጠላ የማይነካ እንግዳም ይጠጣዋል።