ሴፕቴንትሪዮ ምንድን ነው?

ሴፕቴንትሪዮ በላቲን ሰሜን ማለት ነው። ቃሉ ሲፈታ ግን «ሰባቱ የእርሻ በሬዎች» ይሆናል። ሴፕቴም ሰባት ነው። ትሪዮኔስ ደግሞ ገበሬዎች የሚያርሱባቸውን በሬዎች የሚጠሩበት የቆየ ስም እንደሆነ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ሊቅ ቫሮ ጽፏል።

በሬዎቹ ያሉት ሰማይ ላይ ነው። ትልቁ ድብ በሚባለው የኮከቦች ስብስብ ውስጥ ደምቀው የሚታዩት ሰባቱ ናቸው። በጥንቷ ሮም ሰማይ እነዚህ ኮከቦች አይጠልቁም ነበር። አውድማ ላይ እንደሚያበራዩ በሬዎች ሌሊቱን ሙሉ የሰሜኑን ዋልታ ይዞሩታል። ሰማዩ ከጠራ፣ ሰሜን የት እንደሆነ ለማወቅ ቀና ማለት ይበቃል።

ደቡብን የሚያሳየው ፀሐይ ነው። ሜሪዲዬስ ማለት እኩለ ቀን ነው፤ ደቡብም ማለት ነው። ሮም ላይ ዓመቱን ሙሉ የእኩለ ቀን ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትውል ስሙ ልክ ነው። ለአዲስ አበባ ግን አይሠራም። በሰኔ ቀትር ላይ ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ስሙ የወጣለትን አገር ሰማይ ይዞ መቅረቱ በጣም ደስ ይለኛል።

ምሥራቅ ኦሪዬንስ፣ «የምትወጣው»፣ ምዕራብ ኦኪዴንስ፣ «የምትጠልቀው» ናቸው። ምሥራቅና ምዕራብም በግእዝ ከመውጣትና ከመጥለቅ የመጡ ስለሆኑ ለእኛ እንግዳ አይደሉም።

ታዲያ ከላቲን የተወለዱት ቋንቋዎች እነዚህን ስሞች ምን አደረጓቸው? አብዛኞቹ ለዕለት ተዕለት ንግግር ትተዋቸዋል። ፈረንሳይኛ አራቱን አቅጣጫዎች ከጥንታዊ እንግሊዝኛ ተዋሰ፤ ከዚያ ወደ ጎረቤቶቹ ተዛመቱ። የስፓኒሽ ኖርቴ፣ ሱር፣ ኤስቴ እና ኦኤስቴ የዚያ ውርስ ናቸው። አሮጌዎቹ ግን ጨርሰው አልጠፉም። ጣሊያኖች ደቡባዊ አገራቸውን ሜዞጆርኖ ይሉታል፣ ፈረንሳዮችም የራሳቸውን ሚዲ። ሁለቱም እኩለ ቀን ማለት ናቸው።

እኔ የምወደው የሮማንያን ቋንቋ፣ ሮማንኛን ነው። ኖርድና ሱድ የሚሉት ቃላት እሱም ጋ ገብተዋል፤ ቢሆንም ደቡብን ሚያዘዚ፣ እኩለ ቀን፣ ማለት አለ። ሰሜን ደግሞ ሚያዘኖዋፕቴ፣ እኩለ ሌሊት ነው። ሮማንያ ላይ ፀሐይ እኩለ ሌሊት የምትገኘው በሰሜን በኩል፣ ከአድማስ በታች ስለሆነ ይህም ስም ልክ ነው።