ኢሠማኮ፦ ከድሬዳዋ ሐዲድ እስከ ደመወዝ ወለል

ኢሠማኮ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን አጭር ስም ነው። አደረጃጀቱ ከታች ይጀምራል። አንድ ድርጅት ውስጥ ቢያንስ 10 አባል ከተገኘ መሠረታዊ ማኅበር ይቋቋማል። መሠረታዊ ማኅበራቱ በየዘርፋቸው ፌዴሬሽን ይመሠርታሉ፤ ፌዴሬሽኖቹ ደግሞ ኮንፌዴሬሽኑን። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ግን እዚህ ውስጥ የሉም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ እነሱን አይመለከትም።

ነገሩ የተጀመረው ድሬዳዋ ላይ ነው ማለት ይቻላል። የምድር ባቡር ሠራተኞች በ1930ዎቹ መጨረሻ ማኅበር አቋቋሙ። ያኔ የሠራተኛ ማኅበርን የሚፈቅድ ሕግ አልነበረም። ስለዚህ በሌሎች ቦታዎች ሠራተኛው በእድር ስም ይሰባሰብ ነበር። የኔዘርላንዱ ኩባንያ ኤችቪኤ ያስተዳድረው የነበረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ አንዱ ምሳሌ ነው። ብልሃቱ ግሩም ነው። እድርን ማን ይከለክላል? ለቅሶ ቤት አንድ ድንኳን ውስጥ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ስለ ደመወዝ ማንሳቱ አይቀርም።

በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የመደራጀት መብትን በወረቀት አሰፈረ። ሥራ ላይ የሚያውለው ሕግ እስኪወጣ ግን ዓመታት ፈጀ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር፣ ባጭሩ ኢሠአማ፣ ተመሠረተ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አብርሃም መኮንን ነበሩ። ከሳቸው በኋላ በየነ ሰሎሞን ለረጅም ጊዜ መርተውታል።

ኢሠአማ በስፋት የሚታወሰው በአንድ ሳምንት ነው። የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያውን ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። ጥያቄዎቹ 16 ነበሩ። ከመካከላቸው የደመወዝ ወለል፣ ማለትም አሠሪ ከዚያ በታች መክፈል የማይችለው ዝቅተኛ ደመወዝ፣ ይወሰን የሚለው ይገኝበታል። ይህንን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ። አድማው አራት ቀን ቆየ። መንግሥት ለመደራደር ተገደደ። ከዚያ በኋላ አድማ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ፤ ካህናት ሳይቀሩ ደመወዝ ይጨመርልን ብለው ተነሡ።

ደርግ በወዛደሩ ስም ሥልጣን ያዘ፤ ወዛደሩ በራሱ አንደበት ሲናገር ግን አልወደደለትም። በመስከረም 1968 አዲስ አበባ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ኢሠአማም ፈረሰ። በምትኩ በ1969 የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር፣ መኢሠማ፣ ተቋቋመ። ብዙም ሳይቆይ ሊቀመንበሩ ቴዎድሮስ በቀለ በጥይት ተገደለ። የቀይና የነጭ ሽብር ዘመን ነበርና ማኅበሩም ከዚያ አላመለጠም። ሚያዝያ 23 በአደባባይ በሰልፍ ይከበር ነበር፤ አድማ ግን የማይታሰብ ነበር።

የዛሬው ኢሠማኮ የተወለደው ከደርግ መውደቅ በኋላ፣ በ1985ቱ አዋጅ ቁጥር 42 ነው። እሱም ሰላም አላገኘም። ፕሬዚዳንቱ ዳዊ ኢብራሂም የመንግሥትን የኢኮኖሚ ማስተካከያ ፕሮግራም ስለተቹ ግጭት ተነሣ። ኮንፌዴሬሽኑ በ1987 ታገደ፤ በ1989 በአዲስ አመራር ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ለስለስ ብሏል የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔም በከፊል እስማማለሁ። ነገር ግን በ2010 በአዲሱ የአሠሪና ሠራተኛ ረቂቅ ሳቢያ አገር አቀፍ አድማ እንጠራለን ብሎ መንግሥትን ወደ ድርድር መልሶታል።

ድርድሩ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ወለደ። የዓመት ፈቃድ ከ14 ወደ 16 የሥራ ቀን አደገ። የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ በኋላ 90 ቀን ሆነ። ለአባት 3 ቀን ተሰጠ። አድማ ማድረግ ግን ቀላል አይደለም። ከአባላቱ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ በአብላጫ ድምፅ መደገፍ አለበት፤ የማስማማት ሂደቱም መቅደም አለበት።

ወደ ያዛችሁልኝ ጥያቄ እንመለስ። አዋጁ የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋምና የደመወዝ ወለል እንዲወሰን ይላል። እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ግን ለግሉ ዘርፍ የተቆረጠ ብር አልነበረም። አዋጁ በወጣበት ዓመት ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ ጀማሪ ልብስ ሰፊ በወር ወደ 26 ዶላር የሚጠጋ መነሻ ደመወዝ ይከፈላት ነበር። አብዛኞቹ ሠራተኞች ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ። የቤት ኪራዩን ለሦስት ለአራት ሆነው ይከፍሉት ነበር። ብዙዎቹ ጥቂት ወራት ሠርተው ይለቁ ስለነበር ፋብሪካዎቹ አዲስ ሰው ማሠልጠን ሰልችቷቸው ነበር።