ፍሎው ቤንች ምንድን ነው?

ሞተር ላይ ነዳጅ መጨመር ቀላል ነው። ከባዱ ነዳጁን የሚያነድደውን አየር ማስገባት ነው። አየሩ ሲሊንደር ውስጥ የሚደርሰው ሲሊንደሩን ከላይ በሚከድነው ክፍል፣ በቴስታታው ሆድ ባለ ጠማማ መተላለፊያ አልፎ፣ በቫልቩ ጠርዝ ዙሪያ ሾልኮ ነው። የእሽቅድምድም ሞተር የሚሠሩ ባለሙያዎች ይህን መተላለፊያ እየፋቁ ቅርጹን ይለውጣሉ። ከተፋቀ በኋላ ተሻለው ወይስ ባሰበት? በዓይን አይታወቅም። ያንን የሚነግረን ፍሎው ቤንች የሚባለው የአየር ፍሰት መለኪያ መሣሪያ ነው።

ቴስታታው ተፈቶ መሣሪያው ላይ ይታሰራል። ከሥሩ የዚያኑ ሞተር ሲሊንደር ስፋት ያለው ቱቦ ይገባለታል። የቫልቩ ጠንካራ ሞላ ወጥቶ ልል ሞላ ይተካል፤ ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላም ቦታው ላይ ይታሰራል፣ አለዚያ በቀዳዳው አየር ይገባል። ከዚያ መሣሪያው አየር ይስባል። የጭስ ማውጫው በኩል ሲለካ ደግሞ በተቃራኒው ይነፋል። ቫልቩ ለምሳሌ በ1 ሚሊ ሜትር፣ በ1 ሚሊ ሜትር እየተከፈተ በየደረጃው ያለፈው አየር ይመዘገባል። መለኪያው ሲኤፍኤም ይባላል፤ አንድ ሲኤፍኤም ማለት በደቂቃ አንድ ኩቢክ ጫማ አየር ነው።

አንዲት ትንሽ ነገር ልብ በሉ። የመተላለፊያው አፍ ስለታም ጠርዝ ካለው አየሩ ገና ሲገባ ይረበሻል፣ ቁጥሩም ይወርዳል። ስለዚህ ባለሙያው አፉ ዙሪያ ለስላሳ ሸክላ ለጥፎ ጠርዙን ያድበለብለዋል። ይህን ያላደረገና ያደረገ ሰው ቁጥራቸው ሊወዳደር አይችልም።

ግፊቱም እንዲሁ ነው። አብዛኛው ሰው በ28 ኢንች የውሃ ግፊት (28 ኢንች ከፍታ ያለው ውሃ በሚፈጥረው ግፊት) ይለካል፣ አንዳንዱ ግን በ10 ኢንች። በ10 ኢንች 120 ሲኤፍኤም ያሳለፈ ቴስታታ በ28 ኢንች 200 ገደማ ያሳልፋል። ቴስታታው ያው ነው! ስለዚህ «300 ሲኤፍኤም ያሳልፋል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ መጀመሪያ «በስንት ኢንች?» በሉት።

እኔን የሚያናድደኝ ግን ሁሉም ሰው ከፍተኛውን ቁጥር ብቻ ማየቱ ነው። ቫልቭ ሲከፈትና ሲዘጋ መካከለኛውን ከፍታ ሁለት ጊዜ ያልፍበታል፣ ጫፉ ላይ የሚደርሰው ግን አንዴ ነው። በመካከል የተገኘች ጭማሪ ጫፍ ላይ ከተገኘች ትልቅ ቁጥር ልትበልጥ ትችላለች። ቀዳዳውን ዝም ብሎ ማስፋትም መፍትሔ አይደለም። መተላለፊያው ሲሰፋ የአየሩ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ያኔ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ይሰንፋል።

ዋናው ጨዋታ ያለው መተላለፊያው ወደ ቫልቩ በሚታጠፍበት ውስጠኛ ኩርባ ላይ ነው። አየሩ ሲፈጥን ኩርባውን ተከትሎ መታጠፍ ያቅተውና ከግድግዳው ይላቀቃል። ያኔ ቫልቩን የበለጠ ብትከፍቱትም ቁጥሩ አይጨምርም፤ እንዲያውም ሊቀንስ ይችላል። የቤንቹ ድምፅም ይለወጣል፤ ለስላሳው ፉጨት ይሻክራል። ልምድ ያለው ሰው ቁጥሩን ሳያይ በጆሮው ያውቀዋል። ቀጭን ሽቦ አስገብቶ የት ጋ እንደተላቀቀ ይፈልጋል፣ እዚያችው ቦታ ላይ ትንሽ ይፍቅና እንደገና ይለካል።

በዚህ ሥራ ስማቸው ከሚነሳ ቀዳሚዎች አንዱ እንግሊዛዊው ሃሪ ዌስሌክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ይፋ የሆነው የጃጓር ኤክስኬ ሞተር ቴስታታ ላይ እጁ አለበት። የአየር ፍሰትን መለካት ለእሱ የሥራው መሠረት ነበር።

ቤንቹ ሁሉን አያሳይም። እሱ የሚስበው አየር ሳይቋረጥ ይፈሳል። በደቂቃ በ6,000 ዙር የሚሠራ ባለአራት ምት ሞተር ግን እያንዳንዱን ቫልቭ በሰከንድ 50 ጊዜ ከፍቶ ይዘጋል፣ አየሩም ይንቀጠቀጣል። ቤንቹ ላይ ብዙውን ጊዜ ነዳጅም የለም። ስለዚህ ቴስታታው ሞተሩ ላይ ተገጥሞ፣ ዳይኖ በሚባለው የሞተር ጉልበት መለኪያ ላይ ጉልበቱ መለካት አለበት። ቤንቹ ግን ከዚያ በፊት የትኛው ቅርጽ ለዚያ ድካም እንደሚበቃ ይለይላችኋል።